ባሕርን በድርብ ቀለም ስለ መሥራት

(በተማሪ ቤቱ 50ኛ ዓመት በዓል ላይ ከቀድሞ ተማሪዎች በአንዱ የተደረገ ንግግር)

ይህ ተማሪ ቤት የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት በምናከብርበት በዛሬው ቀን፤ ከቀድሞ ተማሪዎች መካከል ተመርጬ በፊታችሁ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የተሰጠኝ አርእስት ጥቂት አስጨንቆኛል። የሥዕል ክበብ አባሎች የጻፉልኝ ደብዳቤ፤ «በአዳራሻችን የተሰቀለውን የባሕር ሥዕል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደ ሠሩት ይንገሩን» የሚል ነው። ሠዓሊ በእጁ እንጂ በአፉ መናገር አልለመደም። ቢሆንም ለተማሪ ጥያቄ መልስ መስጠት የቀድሞ ተማሪ ዕዳ ስለ ሆነ፤ የማውቀውን ያህል ሳልሸሽግ፤ ያበላሸሁትንም ጭምር እነግራችኋለሁ።

በደብዳቤው ግርጌ አንድ ተማሪ በራሱ እጅ የጨመረው ሌላ ጥያቄ አለ። «በጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ስለ ምን ባሕር ይሥላል?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሜ እርሱን ልመልስ።

አባቴ የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ። ከደሴና ከኮምቦልቻ እስከ አሰብ ወደብ ለብዙ ዓመታት ተመላልሰዋል። በ1980 ዓ.ም. በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፤ እኔ የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ፤ «አንድ ጊዜ ባሕር ይይ» ብለው ከጎናቸው አስቀምጠው ወሰዱኝ። በባቲ ቁልቁለት ወርደን፤ ሚሌን፤ ሰርዶን፤ ማንዳንና ቡሬን አልፈን፤ ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን ገና ሲነጋጋ አሰብ ደረስን። አባቴ መኪናውን አቁመው «ያውልህ» አሉኝ። ከዚህ በቀር ምንም አልተናገሩም። እኔም ብዙ ከመደነቄ የተነሣ ያየሁትን በሙሉ ያየሁ መሰለኝ። እንዳልሆነ ግን ኋላ ትሰማላችሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ባሕር አላየሁትም። አባቴም በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱ እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ ሠርተው ሥራቸውን ተዉ። እንግዲህ እኔ የምሥለው ያንን አንድ ጧት ነው።

ምናልባት «በፊቱ የሌለውን ነገር ከትዝታ እንዴት ይሠራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ከ1817 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. የኖረው አይቫዞቭስኪ የሚባለው ስመ ጥር የባሕር ሠዓሊ፤ ባሕር ዳር በምትገኘው በፌዮዶሲያ ከተማ ተወልዶ፤ ቤቱም በዚያው ሆኖ ሳለ፤ ታላላቅ ሥዕሎቹን የሠራው በትዝታ ነበር። የሚንቀሳቀስ ውኃ ለብሩሽ ቆሞ እንደማይጠብቅ አምኖ፤ በዓይኑ አጥንቶ ከቤቱ ገብቶ ይሥል ነበር። በ1850 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዘጠነኛው ማዕበል» የተባለው ሥዕል እስካሁን በሴንት ፒተርስበርግ ይታያል። ፈረንሳዊው ኩርቤ ደግሞ በ1869 እ.ኤ.አ. ኤትረታ በተባለው የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ሞገድን ሲሥል፤ በብሩሽ ብቻ አልረካም፤ ቀለሙን በቢላዋ እየለጠፈ ውኃውን እንደ ዓለት አክብዶታል። እኔ ከመጀመሪያው ሰው ትዝታን፤ ከሁለተኛው ቢላዋን ተምሬያለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

የምጠቀምበት ቀለም አክሪሊክ ይባላል። የጥንት ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በእንቁላል፤ በሙጫ ወይም በዘይት ይለውሱ ነበር። አክሪሊክ ግን በኬሚስትሪ ጥበብ የተገኘ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም በ1901 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን ያቀረበው በዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር ላይ ነበር። ሆኖም በውኃ የሚበጠበጠው የሠዓሊዎች አክሪሊክ በአሜሪካ ለገበያ የወጣው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ውስጥ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የአክሪሊክ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ፤ ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይቀራረቡና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ቀጭን ቆዳ ይሆናሉ። ከደረቀ በኋላ ውኃ ቢፈስበት አይሟሟም።

ይህ ጠባዩ ለእኔ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው። የዘይት ቀለም እስኪደርቅ ቀናት፤ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ አክሪሊክ ግን ስስ ሆኖ ሲቀባ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ የታችኛው ልባስ ሳይበላሽ በላዩ ሌላ፤ በዚያም ላይ ሌላ መደረብ ይቻላል። በአዳራሹ ያለው ሥዕል፤ በአንዳንድ ስፍራው እስከ 14 ልባስ ተደርቦበታል።

ወላጆች ይህን አሠራር ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የጭቃ ቤት ሲመረግ፤ መጀመሪያ ጭድ የበዛበት ሸካራ ጭቃ ይለጠፋል። እርሱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለሚቀጥለው መያዣ ይሆነዋል። ቀጥሎ ለስለስ ያለ ምርጊት፤ በመጨረሻም ልስኑ ይመጣል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን የለጠፈ ሰው፤ በክረምት ግድግዳውን ከመሬት ያነሣል። ሥዕልም እንዲሁ ነው። የአገራችን የጥንት ሠዓሊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በጣና ዳር በዘጌ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት እንደሚታየው፤ በግድግዳው ላይ ሸማ ለጥፈው፤ ሸማውን አንጥተው አዘጋጅተው፤ ከዚያ በኋላ ነበር ቀለም የሚያነሡት።

እንግዲህ የሥራውን ቅደም ተከተል በአምስት ክፍል አድርጌ እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ክፍል መሠረቱ ነው። ሸራው በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ ይቸነከራል። የዚህ ሥዕል ሸራ ወርዱ 150፤ ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር ነው። በላዩ ሁለት ጊዜ ነጭ መሠረት እቀባለሁ፤ ሠዓሊዎች ጄሶ የሚሉት ነው። የመጀመሪያውን ወደ ጎን፤ ሁለተኛውን ከላይ ወደ ታች አድርጌ እቀባና፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ አሸዋለሁ። ቀጥሎ አድማሱን አሠምራለሁ። በዚህ ላይ ዓይኔን አላምንም፤ እንደ ግንበኛ ውኃ ልክ እጠቀማለሁ። ተራራ ቢያዘነብል ተራራ ነው፤ የባሕር አድማስ በጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ግን ውኃው ከሥዕሉ ውስጥ የሚፈስ ይመስላል።

ሁለተኛው ክፍል ጉብታውን መሥራት ነው። ለዚህ የምጠቀምበት የእብነ በረድ ዱቄት በአክሪሊክ የተለወሰበት፤ ወፈር ያለ ሊጥ የሚመስል ነገር ነው። በቀለም ቢላዋ እየወሰድሁ የሞገዱን ጀርባና የአረፋውን መንገድ እከተላለሁ። ለእኛ ቅርብ በሆነው በታችኛው ክፍል ወፍራም፤ ወደ አድማሱ እየሄደ ሲመጣ እየሳሳ፤ በሰማዩ ላይ ግን ምንም እንዳይኖር አደርጋለሁ። የቅርብ ሞገድ ትልቅና ሻካራ፤ የሩቁ ግን ጥቃቅንና የተጠጋጋ ሆኖ ስለሚታየን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሞገድ ከጥልቁ ወደ ዳር ሲመጣ የታችኛው ክፍሉ በባሕሩ ወለል ይያዝና ይዘገያል፤ ቁመቱም ይጨምራል። ቁመቱ ከውኃው ጥልቀት ወደ 8 አሥረኛው ገደማ ሲደርስ ራሱን መሸከም አቅቶት ይሰበራል። ይህን የማያውቅ ሠዓሊ ሞገዱን በማይሰበርበት ስፍራ ይሰብረዋል፤ ባሕሩን የሚያውቅ ሰውም ወዲያው ይታዘበዋል። የፊዚክስ መምህሬ ይህን ሲሰሙ እንደሚደሰቱ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በክፍላቸው በደብተሬ ዳር ሥዕል ስሥል ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛልና።

ሊጡ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈር የለበትም። በመጀመሪያ ሥራዬ ቸኩዬ አንድ ጣት ያህል ውፍረት በአንድ ሌሊት ደልድዬ አደርሁ። ላዩ ቀድሞ ደረቀ፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነበረ። ውስጡም ሲደርቅ ሲሰበሰብ ላዩን እንደ በጋ ዋልካ መሬት ሰነጣጠቀው። ወሩም ኅዳር ነበር። አክሪሊክ ብርዱ ከ9 ወይም ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ቅንጣቶቹ በደንብ እንደማይጣበቁ ያን ጊዜ አላወቅሁም። የደሴን የኅዳር ሌሊት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከዚያ ወዲህ በብርድ ወራት የምሠራው ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ጨለማውን መጣል ነው። በመጀመሪያ ሸራውን ሁሉ የተቃጠለ ሸክላ በሚመስል ቀይ ቡናማ እሸፍነዋለሁ። «ባሕር ሊሥል ነው ወይስ እርሻ?» ያለኝ ጎረቤት ነበረ። ነገር ግን ይህ ሞቃት ቀለም ከሰማያዊው ሥር ሆኖ እዚህም እዚያም ብልጭ ሲል፤ ሰማያዊው ሕይወት ያገኛል። በላዩ አልትራማሪን የተባለውን ሰማያዊ ከጥቁር ቡናማ ጋር ቀላቅዬ፤ ቀጠን አድርጌ አፈስሳለሁ። ይህ ቅልቅል ከጥቁር ቀለም ይልቅ ጥልቀት አለው። ቀለሙ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ከመድረቁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጉብታውን ብቻ እጠርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ጎድጓዳው ጨልሞ፤ ጫፉ ፈክቶ፤ ሞገዱ ከሸራው ብድግ ይላል። ቀለሙን ለማቅጠን ግን ውኃ ብቻ አብዝቶ መጨመር አይገባም፤ ማጣበቂያው ይደክምና ቀለሙ ይራገፋል። ከራሱ ከአክሪሊኩ ንጹሕ ፈሳሽ መጨመር ይሻላል።

አራተኛው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። ጥቂት ቀለም በብዙ ንጹሕ ፈሳሽ በጥብጬ እንደ መስተዋት የሳሳ ልባስ እቀባለሁ። እርጥብ ሳለ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ጥርት ይላል፤ ቀለሙም በጥቂት ይጠቁራል። ስለዚህ በእርጥቡ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ብርሃን በዚህ ልባስ ውስጥ ያልፍና ከታችኛው ቀለም ነክቶ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። እውነተኛውም ውኃ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ውኃ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ክፍል ከሌሎቹ አብልጦ ስለሚመጥ፤ ጥልቁ ሰማያዊ ይሆናል። ሊሰበር የቀረበ ሞገድ ጫፉ ሲሳሳ ደግሞ ብርሃኑ ከበስተ ኋላው ስለሚያልፍ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስስ ልባሱን በቀን ሁለት ጊዜ፤ ጧትና ከቀትር በኋላ እቀባለሁ። በመካከሉ ቡና እጠጣለሁ እንጂ ሸራውን አልነካም።

አምስተኛው ክፍል አረፋው ነው። ሰፊ ብሩሽ ወስጄ ጥቂት ወፍራም ቀለም አስነካና በጨርቅ ላይ ጠረግ አድርጌ፤ ብሩሹን አጋድሜ በጉብታዎቹ ላይ አሳልፈዋለሁ። ቀለሙ የሚነካው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ አረፋ ነጭ ነው ትሉ ይሆናል። በጥላ ያለው አረፋ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ ነው። ፍጹሙን ነጭ ፀሐይ ለምትነካው ለጥቂቱ ብቻ አስቀምጠዋለሁ። ነጩን በመጀመሪያ የጨረሰ ሠዓሊ፤ ለፀሐይ የሚሰጠው አይኖረውም።

ውድ ተማሪዎች፤ እስካሁን የነገርኋችሁ ነገር ከመጽሐፍም ሊገኝ ይችላል። አሁን ግን ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን አንድ ሰው የባሕር ሥዕል አዘዘኝ፤ ቀብድም ሰጠኝ። የሸራ ዋጋ ለማትረፍ ብዬ፤ ቀድሞ በዘይት ቀለም በተቀባ አሮጌ ሰሌዳ ላይ በአክሪሊክ ሠራሁለት። በሁለተኛው ወር ሰውየው ሥዕሉን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሲፈታው ባሕሬ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ በጨርቁ ላይ ቀርቷል። በአክሪሊክ ላይ ዘይት ይቀባል፤ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይያዝም። ገንዘቡን መለስሁ። ሰውየው ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ዝምታው ግን ከስድብ የበለጠ ከበደኝ። ላዩ ያማረ ሆኖ ከሥሩ ጋር ያልተስማማ ሥራ፤ ቀን ይፍጅ እንጂ መገፈፉ አይቀርም።

ሁለተኛው በአዳራሹ ስለ ተሰቀለው ሥዕል ነው። ሥዕሉን ጨረስሁ ብዬ አባቴን ጠራኋቸው። አሁን ሸምግለዋል፤ ወንበር አቅርቤላቸው ተቀመጡና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። በኋላም፤

«ይህ የስንት ሰዓት ባሕር ነው?» አሉኝ።

«የቀትር ነው፤ አባባ» አልኋቸው።

«እኛ የደረስነው ሲነጋ ነበር እኮ» አሉ። «ያን ጊዜ ባሕሩ ሰማያዊ አልነበረም፤ የእርሳስ መልክ ነበረው። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ነው የተለወጠው። አንተ እንቅልፍ ላይ ነበርህና ስትነቃ ነው ያየኸው። ነፋሱም ከቀኝ፤ ከደቡብ ነበር። አረፋው በጎን ነበር የሚሄደው። ይኸ ያንተው ግን ወደ እኛ ይመጣል።»

እኔ መልስ አልነበረኝም። አየሁ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምሁት ባሕር፤ ለካ ግማሹ በፖስት ካርድ ያየሁት ነበር። አባቴ ግን ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰው፤ በማለዳ መኪናቸውን አቁመው፤ ፊታቸውን ታጥበው አይተውታል።

መልኩን ማረም ቀላል ነበር። አምስት ስስ የአመድማ ልባስ ደርቤ ሰማያዊውን ወደ እርሳስ መለስሁት፤ በአድማሱ ላይም ጥቂት ብርሃን ጨመርሁ። የነፋሱ ነገር ግን በቀለም አልታረመም። አረፋው የሚሄድበት አቅጣጫ በሁለተኛው ክፍል በሊጡ ተሠርቶ ነበርና። ምንም ዓይነት ቀለም ብቀባበት፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ አሮጌው ጉብታ ጥላውን ይጥላል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ቀለም ቀለምን ይሸፍነዋል፤ ጉብታን ግን አይሸፍነውም። ስለዚህ በመሮና በብርጭቆ ወረቀት የሦስት ወር ሥራ አፍርሼ፤ ከመሠረቱ ጀመርሁ። አባቴም በየሳምንቱ እየመጡ ተቀመጡ። «እዚህ ዝቅ፤ እዚያ ጠበብ» እያሉ በምርኩዛቸው አመለከቱኝ። ብሩሽ ነክተው የማያውቁ ሰው አስተማሪዬ ሆኑ።

በግራ በኩል በታችኛው ማዕዘን አንድ ክንድ የማይሞላ ስፍራ ሳልፈገፍገው ቀርቷል። በዚያ ያለው አረፋ እስካሁን እንደ ቀድሞው ወደ እኛ ይመጣል። ላጠፋው ስነሣ አባቴ «ተወው፤ ለማስታወሻ ይሁንህ» አሉኝ። ተውሁት። ማየት የምትፈልጉ በጧት ገብታችሁ፤ የምሥራቁ መስኮት ብርሃን ከጎን ሲመታው እዩት። በቀትር አይታይም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለኝ። እናንተ ያያችሁት፤ የሠራችሁትና የሄዳችሁበት አገር ሁሉ ለልጆቻችሁ የማይገኝ መዝገብ ነው። የቆዳ ፋቂው ሽታውን፤ የሸማኔው የእጁን ልክ፤ የነጂው መንገዱን ያውቃል። «ልጄ ተምሯል፤ ከእኔ ምን ይሻል?» አትበሉ። ልጁ የተሳሳተውን ቶሎ ካልነገራችሁት፤ በስሕተቱ ላይ 14 ልባስ ይደርብበታል።

የተከበራችሁ መምህራን፤ እናንተ የምትሠሩት ሁለተኛውን ክፍል ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው ዓመት በልጅ ላይ የሠራችሁት ጉብታ፤ ኋላ የሚመጣ ጌጥ ሁሉ አይሸፍነውም። የተቆጣኝ መምህርም፤ ያበረታታኝ መምህርም ዛሬ በሥራዬ ውስጥ አሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ እናንተም ሥዕል ብትሠሩ፤ ሂሳብ ብትሠሩ፤ ቤት ብትሠሩ፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን አትደርቡ። ያየ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁት። ሲያርማችሁም የሦስት ወር ሥራ ለማፍረስ አትፍሩ፤ ፈርሶ የተሠራው በአዳራሻችሁ ተሰቅሏልና።

አባቴ ዛሬ በመካከላችሁ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሥዕሉን ለተማሪ ቤቱ ያበረከትሁት በሁለታችን ስም ነው።